የወረዳችሁን ምክር ቤት ማን መረጠው? ከ137 ለ1 እስከ 138 ለ0

አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ስልካችሁን አስቀምጣችሁ፣ ጎግል ሳታደርጉ መልሱ። የወረዳችሁ ምክር ቤት አባል ማነው? ስሙን አንድ ብቻ ጥሩልን።

አልመጣላችሁም አይደል? እኛም አልመጣልንም። የዚህ ገጽ አዘጋጆች ተወልደን ያደግነው ነፋስ ስልክ ላፍቶ ነው፤ ከጎፋ ማዞሪያ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ሃና ማርያም ያለውን ሰፈር በታክሲ ረዳት ጩኸት ነው የምናውቀው። ባለፈው አንዳችን መታወቂያ ለማደስ አንድ ወረዳ ጽ/ቤት ሄዶ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ዋለ። አጠገቡ የነበሩ አንድ እናት "ልጄ፣ እዚህ አቤት የሚባለው ለማነው?" አሉት። መልስ አልነበረውም። ማታ ግሩፓችን ላይ ጻፈው፣ ከዛ መቆፈር ጀመርን።

የቆፈርነው ነገር ከሰልፉ ይረዝማል። ስለዚህ ሻይ ይዛችሁ አንብቡ። (ዓመቶቹ በሙሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው። መሀል ላይ ወደ አንድ የፈረንጅ ሀገር ብቅ ስንል ብቻ በነሱ እንቆጥራለን፣ ያኔ እንነግራችኋለን።)

👉 መጀመሪያ፦ ማን ምንድነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት እርከን አለ። ከላይ ከተማው፣ ቀጥሎ ክፍለ ከተማ፣ ከታች ወረዳ። ክፍለ ከተሞቹ በ1995 ሲዋቀሩ 10 ነበሩ፤ ነፋስ ስልክ ላፍቶ አንዱ ነው። በኋላ ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 ሆኑ።

ብዙ ሰው ከንቲባውን ሕዝቡ በቀጥታ የሚመርጥ ይመስለዋል። አይደለም። ሕዝቡ የሚመርጠው የከተማውን ምክር ቤት ነው። 138 ወንበር አለው። ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ከምክር ቤቱ ወንበር አብዛኛውን የያዘ ፓርቲ ከንቲባውን ይዟል ማለት ነው፣ በቃ። ወረዳም ጋ እንደዛው ነው፤ የወረዳው ምክር ቤት የወረዳውን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይሰይማል፣ ዕቅዱን ያጸድቃል፣ ሥራውን ይቆጣጠራል። ቢያንስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይሄ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ላይ አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላት ይላል። እዛው አንቀጽ ላይ ግን የከተማው መስተዳድር ተጠሪነቱ ለፌደራል መንግሥት ነው ይላል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በአእምሯችሁ ያዙልን። በኋላ ሲጋጩ ታያላችሁ።

👉 ድሮ ማን ነበር የሚመርጠው?

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1937 የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ። በከተሞች ምክር ቤት እንዲኖር ይላል፤ ከነዋሪው የሚመረጡ አባላትም አሉበት። ጥሩ አይደል? ግን ሸርጥ አለው። ተመራጮቹ ቤት ወይም መሬት ያላቸው መሆን አለባቸው። ከንቲባውን ደግሞ የሚሾሙት ንጉሡ ናቸው። ስለዚህ ተከራይ ከሆንክ፣ የቤት ሠራተኛ ከሆንሽ፣ ከገጠር መጥታችሁ ጉልት የምትቸረችሩ ከሆነ፣ ከተማዋ ውስጥ ትኖራላችሁ እንጂ ከተማዋ ላይ ቃል የላችሁም።

ከዛ አብዮቱ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገበትን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። "ቀበሌ" የምንለው ነገር የተወለደው እዛ አዋጅ ላይ ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነው ሙሉ ስሙ። ነዋሪው ሰፈሩ ውስጥ ተሰብስቦ እጁን እያወጣ የቀበሌ ሊቀመንበርና ኮሚቴ መረጠ። ትናንት ቃል ያልነበረው ተከራይ ዛሬ ኮሚቴ ሆነ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን ቀበሌው ያስተዳድር ጀመር። "የቀበሌ ቤት" የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ያለው ከዛ ነው። አያቶቻችሁ አሁንም ወረዳውን "ቀበሌ" የሚሉትም ለዚህ ነው።

ግን ታሪኩ እዚህ ላይ ይጨልማል። ያው ቀበሌ ስኳርና ሳሙና የሚያከፋፍል፣ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር ሆኖ ሳለ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ አብዮት ጥበቃ ይዞ ወጣት የሚያስርና የሚገድል ሆነ። የተመረጠ አካል ማለት የሚጠየቅ አካል ማለት አይደለም። ይሄን ነገር እናቶቻችንና አባቶቻችን በሕይወታቸው ነው የተማሩት። "ቀበሌ" ሲባል እስከ አሁን ፊታቸው የሚለዋወጥ ሽማግሌዎች ካያችሁ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

👉 1997፦ 137 ለ1

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ግንቦት 7 ቀን 1997። ቤተሰቦቻችሁን ጠይቋቸው፣ ሁሉም ያን ቀን የት እንደነበረ ያስታውሳል። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ነው የመረጠው። ከምርጫው በፊት በቴሌቪዥን ክርክር ነበር፤ ሰው ሥራውን ትቶ ያይ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ጠረገ። ለፓርላማ የሚወዳደሩትን 23ቱንም የአዲስ አበባ ወንበሮች ወሰደ። ለከተማው ምክር ቤት ደግሞ ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። ኢህአዴግ? 1።

አዎ፣ አንድ። ሀገሪቱን የሚመራው ፓርቲ ዋና ከተማዋ ላይ አንድ ወንበር ቀረው።

ቅንጅት ለከንቲባነት የመረጠው ዶ/ር ብርሃኑ ነጋን ነበር። ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ምክንያቱን ለማወቅ ከምርጫው ቀን በኋላ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። የሀገር አቀፉ ውጤት አጨቃጨቀ። ቅንጅት ድምፃችን ተሰርቋል አለ። ሰኔ 1 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ተገደለ። ጥቅምት 1998 ላይ ደግሞ ነገሩ ባሰ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠረው የሟች ብዛት 193 ሲቪል እና 6 ፖሊስ ነው። የቅንጅት መሪዎች፣ ዶ/ር ብርሃኑን ጨምሮ፣ ታሰሩ። የተፈቱት በ1999 መጨረሻ በይቅርታ ነው።

ከተማውስ? በ1998 የፌደራል መንግሥት ባለአደራ አስተዳደር ሾመ፤ መሪው አቶ ብርሃነ ደሬሳ ነበሩ። እንግዲህ ያ አንቀጽ 49 ትዝ አላችሁ? "ራሷን በራሷ ታስተዳድራለች" የሚለውና "ተጠሪነቱ ለፌደራል ነው" የሚለው እዚህ ጋ ተጋጩ። ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። 137 ወንበር በሕዝብ ድምፅ የተሞላበት ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ቀረ።

👉 ቆይ፣ 137 ለ1 እንዴት ይሆናል?

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ይሄን ካልገባን የሚቀጥሉት ቁጥሮች አይገቡንም።

137 ለ1 ማለት ከ138 የአዲስ አበባ ሰው 137ቱ ቅንጅትን ደገፈ ማለት አይደለም። ቅንጅት በእርግጥ ሰፊ ድጋፍ ነበረው። ግን ቁጥሩን እንደዚህ ያጋነነው የምርጫ ሥርዓቱ ነው። የኛ ሥርዓት "አብላጫ ድምፅ" ይባላል። በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያልፋል። ግማሽ ማግኘት እንኳን አይጠበቅበትም።

በምሳሌ እንየው። አምስት ሰፈር አለ እንበል፤ ጎፋ፣ ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞ፣ መካኒሳ። በያንዳንዱ 100 ሰው ይመርጣል። ሦስት ፓርቲ አለ። በሁሉም ሰፈር ፓርቲ "ሀ" 45፣ ፓርቲ "ለ" 35፣ ፓርቲ "ሐ" 20 ድምፅ አገኘ። (ቁጥሩን እኛ ነን የፈጠርነው፣ ለምሳሌ ያህል ነው።)

▪️ ፓርቲ "ሀ" በጠቅላላ 225 ድምፅ ከ500። ወንበር፦ 5 ከ5።
▪️ ፓርቲ "ለ" 175 ድምፅ። ወንበር፦ 0።
▪️ ፓርቲ "ሐ" 100 ድምፅ። ወንበር፦ 0።

ልብ በሉ፤ 275 ሰው ፓርቲ "ሀ"ን አልመረጠም። ከግማሽ በላይ ነው። ግን ምክር ቤቱ ውስጥ አንድም የሚወክለው የለም። እንደ ዕቁብ አስቡት፤ አምስት ዕጣ ወጥቶ አምስቱም ለአንድ ሰው ሲደርስ።

ሌላ ሥርዓት አለ፤ "ተመጣጣኝ ውክልና" ይባላል። በሱ ቢሆን "ሀ" 2፣ "ለ" 2፣ "ሐ" 1 ወንበር ይደርሳቸው ነበር። የትኛው ይሻላል የሚለው ሌላ ክርክር ነው። አብላጫው ቀላልና ግልጽ ነው፣ ቶሎ መንግሥት ይመሰርታል፤ ተመጣጣኙ ድምፅ አያባክንም፣ ግን ፓርቲዎች ተስማምተው መሥራት አለባቸው። እኛ ዛሬ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የምክር ቤት ቁጥር ስታዩ የሕዝቡን ሀሳብ ፎቶ እንዳይመስላችሁ። ዙም የተደረገ ፎቶ ነው።

👉 2000 እና 2005፦ ቁጥሩ ተገለበጠ

ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 የአካባቢ ምርጫ ተደረገ። ከ1997 በኋላ የመጀመሪያው ነው። ከሱ በፊት አንድ ነገር ተለውጦ ነበር፤ የቀበሌ ምክር ቤቶች ወንበር በጣም እንዲበዛ ተደረገ፣ አንድ ቀበሌ እስከ 300 አባል እንዲኖረው። በሀገር ደረጃ ሲደመር ወንበሩ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

መንግሥት ምክንያቱን ሲያስረዳ "ሕዝቡ በብዛት እንዲሳተፍ ነው" አለ። ተቃዋሚዎች ደግሞ "ይሄን ያህል እጩ ከየት እናመጣለን? ለማን ነው የተሰፋው ይሄ ልብስ?" አሉ። እስኪ አስቡት፣ ለአንድ ቀበሌ ብቻ 300 እጩ ማቅረብ። የእጩ መመዝገቢያው ራሱ ውድድሩን ጨረሰው። ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ወይ ተከፋፍለው ነበር ወይ ጥለው ወጡ።

አዲስ አበባ ላይ የከተማው ምክር ቤት ውጤት ምን ሆነ? ኢህአዴግ 137 ከ138። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ከሦስት ዓመት በፊት የነበረው ያው ቁጥር፣ ባለቤቱ ብቻ ተቀየረ። አቶ ኩማ ደመቅሳ ከንቲባ ሆኑ።

ቀጥሎ ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005። ይሄኛው ላይ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች "ሜዳው እኩል አይደለም" ብለው አንሳተፍም አሉ። አዲስ አበባ፦ 138 ለ0። አቶ ድሪባ ኩማ ከንቲባ ሆኑ።

እና አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የወረዳችሁን ምክር ቤት ማን መረጠው? የወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው ያን ጊዜ ነው፣ ሚያዝያ 2005። ያኔ ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ነበረባችሁ። ከሚያዝያ 1987 በኋላ የተወለደ ሰው ያን ምርጫ አልመረጠም ማለት ነው። እኛ ራሳችን ያኔ ዩኒፎርም ለብሰን ትምህርት ቤት ነበርን።

👉 ከዛ በኋላስ?

ከዛ በኋላ ያለው ታሪክ የመራዘም ታሪክ ነው።

▪️ 2010፦ የአምስት ዓመቱ ዘመን አለቀ። ምርጫ መደረግ ነበረበት። ሀገሪቱ ግን በተቃውሞና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ነበረች። ፓርላማው ምርጫውን አራዘመ፣ የምክር ቤቶቹንም ዘመን ጨመረ።

▪️ ሐምሌ 2010፦ ኢንጂነር ታከለ ኡማ መጡ፣ ግን "ምክትል ከንቲባ" ተብለው። ለምን ምክትል? ከንቲባ ለመሆን የምክር ቤቱ አባል መሆን ያስፈልጋል፤ እሳቸው አልነበሩም። ስለዚህ ቻርተሩ ተሻሽሎ ከምክር ቤቱ ውጭ ምክትል ከንቲባ መሾም እንዲቻል ተደረገ። ከንቲባ የሌለበት ከተማ በምክትል ከንቲባ ተመራ።

▪️ 2011፦ የአካባቢ ምርጫው እንደገና ተራዘመ፣ "ከጠቅላላው ምርጫ ጋር ይደረጋል" ተብሎ።

▪️ 2012፦ ጠቅላላው ምርጫ ነሐሴ 23 ሊደረግ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ኮቪድ መጣ። ተራዘመ። ነሐሴ ላይ ወ/ሮ አዳነች አቤቤ በምክትል ከንቲባነት ተተኩ።

▪️ ሰኔ 14 ቀን 2013፦ በመጨረሻ 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ። ለፓርላማና ለአዲስ አበባ ምክር ቤት አንድ ቀን ተመረጠ። የባልደራሱ እስክንድር ነጋ እስር ቤት ሆኖ ነው በእጩነት የቀረበው፣ ያውም ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ። ውጤት፦ ብልጽግና 138 ለ0። መስከረም 18 ቀን 2014 ወ/ሮ አዳነች ከንቲባ ሆኑ። በነገራችን ላይ የ1997ቱ ያልተቀመጡት ከንቲባ ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ በዚህኛው ምርጫ ኢዜማን ይዘው ተወዳድረው አላለፉም፤ ግን በዛው መስከረም የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

የወረዳ ምክር ቤት ምርጫስ? 6ኛው ምርጫ ላይ አልነበረም። የከተማው ተመረጠ፣ የወረዳው ቀረ።

እና እዚህ ጋ ነው የሚያመን። ከሁሉም እርከን በየቀኑ የምንነካው የታችኛውን ነው። መታወቂያ፣ ያላገባ ማስረጃ፣ የሰፈር መንገድ፣ ቱቦ፣ የወጣት ማዕከል፣ የጉልት ቦታ፣ የሼድ ወረፋ። ፓርላማ ሄደን አናውቅም። ወረዳ ግን በዓመት አስር ጊዜ እንሄዳለን። በጣም የምንፈልገውን በር የምናንኳኳው የመረጥነው ሰው ሳይኖር ነው።

👉 እስኪ ሩቅ ሀገር እንሂድ፦ ዌልስ

"የሰፈር ምርጫ ምን ይለውጣል?" የሚል ካለ፣ አንድ ታሪክ እንንገረው። (አሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ነን።)

ዌልስ የብሪታንያ አንድ ክፍል ናት፤ ትንሽ፣ ተራራማ፣ የራሷ ቋንቋ ያላት። እስከ 1888 ድረስ እዛም አውራጃውን የሚያስተዳድሩት ያልተመረጡ ባለመሬት ዳኞች ነበሩ። ልክ እንደኛ የ1937ቱ ታሪክ፣ መሬት ያለው ይገዛል። በ1888 ሕግ ወጣና የአውራጃ ምክር ቤት በምርጫ ሆነ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1889 ተደረገ፤ በየሦስት ዓመቱ ይደገም ጀመር። ሊበራል የሚባለው ፓርቲ ባለመሬቶቹን በአብዛኛው ዌልስ ጠራርጎ አሸነፈ።

ያኔ ሰሜን ዌልስ ውስጥ አንድ የጫማ ሰሪ የእህት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ጠበቃ፣ በ26 ዓመቱ የአውራጃው ምክር ቤት አባል ሆነ። ስሙ ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ነው። ይሄን ስም ያዙት።

በ1902 የለንደን መንግሥት የትምህርት ሕግ አወጣ። የአውራጃ ምክር ቤቶች ከነዋሪው ከሚሰበስቡት ግብር የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች እንዲደግፉ ያዛል። የዌልስ ሰው አብዛኛው የሌላ ቤተ እምነት ተከታይ ነው። "በኛ ገንዘብ፣ በኛ ልጅ ላይ፣ ያልተስማማንበት ትምህርት?" አሉ። ግን ድንጋይ አላነሱም። መጋቢት 1904 የአውራጃ ምክር ቤት ምርጫ ሲመጣ፣ ምርጫውን በዚህ አንድ ጥያቄ ላይ አደረጉት። ሎይድ ጆርጅ ዘመቻውን መራ። ሊበራሎቹ በሁሉም የዌልስ አውራጃዎች አብላጫውን ያዙ። በሁሉም። (በኛ አቆጣጠር 1896 ነው፣ ከአድዋ ስምንት ዓመት በኋላ።)

ከዛስ? ለንደን ዝም አላለም። በዛው 1904 ሌላ ሕግ አወጣ፤ ምክር ቤቱ ገንዘብ አልሰጥም ካለ ማዕከላዊ መንግሥት ከምክር ቤቱ ድጎማ ቆርጦ ለትምህርት ቤቶቹ በቀጥታ ይሰጣል የሚል። አያችሁ? እዛም "ራስህን አስተዳድር" እና "ተጠሪነትህ ለኔ ነው" ተጋጭተዋል። እዛም ማዕከሉ አውራጃውን ጫነው።

ልዩነቱ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ምክር ቤቶቹ አልፈረሱም። ተመራጮቹ አልታሰሩም። ሁለት ዓመት ጠበቁና በ1906 ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ ያንን ሕግ ያወጣው ፓርቲ ዌልስ ውስጥ አንድም የፓርላማ ወንበር አላገኘም፤ ዜሮ። መንግሥቱም ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብሎ ተቀይሮ ነበር። ያ የጫማ ሰሪ የእህት ልጅም ያኔ ሚኒስትር ሆነ፣ በ1916 ደግሞ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር።

ዌልስን አናጋንናት። ያኔ እዛ ሴቶች እስከ 1907 ለአውራጃ ምክር ቤት መመረጥ አይችሉም ነበር፤ መምረጥም የሚችሉት ግብር የሚከፍሉ ጥቂቶቹ ናቸው። ሥርዓቱም ያው አብላጫ ድምፅ ነው፣ ውጤቱን ያጋንናል። ግን አንድ ነገር ነበራቸው፤ ቀኑ አይዛነፍም። 1889፣ 1892፣ 1895፣ 1898፣ 1901፣ 1904። በየሦስት ዓመቱ። የተበሳጨ ሰው ንዴቱን የሚያስቀምጥበት ቀን ካላንደር ላይ ነበረው። የተሸነፈም "ቆይ፣ ሦስት ዓመት ብቻ" ይላል። ቀኑ ሲጠፋ ግን ንዴቱ መሄጃ ያጣል። የኛ ሀገር የቅርብ ታሪክ ንዴት መሄጃ ሲያጣ የት እንደሚሄድ አሳይቶናል።

👉 እና እኛ ምን እናድርግ?

"ምንም አይለወጥም" የሚለውን ኮሜንት ከአሁኑ እናውቀዋለን። ተስፋ የቆረጠ ሰው ላይ አንፈርድም፤ ከላይ ያለውን ታሪክ ያነበበ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ ምን ይደንቃል? ግን ሦስት ትንንሽ ነገሮች አሉ፣ ከስልካችሁ ላይ ጭምር የሚሠሩ።

1. ሕጉን እወቁ። ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ነው። ለመመረጥ 21 ዓመት ይበቃል። ዲግሪ አይጠየቅም። ሎይድ ጆርጅም አልነበረውም፣ እኛም የለንም።

2. ምርጫ ሲመጣ "ለምን ወንበር ነው የምመርጠው?" ብላችሁ ጠይቁ። ፓርላማ? ከተማ? ወረዳ? ሦስቱ አንድ አይደሉም። ቅስቀሳ ሊያደርግ የመጣ ማንኛውም እጩ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ አንድ ጥያቄ ይጠብቀው፦ "የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ መቼ ነው የሚደረገው?" መልስ ከሌለው ቀዩት።

3. ወረዳ ስትሄዱ የምክር ቤቱን አፈ ጉባዔ ስም ጠይቁ። በጨዋ ደንብ፣ ሳትጣሉ። ምክር ቤቱ መቼ ተሰብስቦ እንደሚያውቅ ጠይቁ። ስም የሚታወቅበት ቦታ ሰው ትንሽ ይጠነቀቃል።

ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው፤ ድምፅ በነፋስ የሚሄድበት። ዛሬ ሁላችንም አንድ አንድ በኪሳችን ይዘናል። ድምፃችን ካናዳ ይደርሳል፣ ዱባይ ይደርሳል። ሁለት ታክሲ የሚወስደው ወረዳ ጋ ግን ገና አልደረሰም።

እኚያ እናት "እዚህ አቤት የሚባለው ለማነው?" ብለው ነበር። የኛ ልጅ ያን ቀን ዝም አለ። አሁን ቢያገኛቸው ቢያንስ ይሄን ይነግራቸዋል፦ "እማማ፣ አቤት የሚባልለት ምክር ቤት አለ። ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው በ2005 ነው። እኔ አልመረጥኩትም፤ እርስዎስ?"

እናንተስ? በ2005 የመረጠ ቤተሰብ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ቡና ላይ ጠይቁልን። ማንን መረጡ? ስሙን ያስታውሱታል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ እናነባለን።